ጋቢና የተቀመጠው

ቬልኮ ጋቢና ሲቀመጥ የመኪናዋ የማስጠንቀቂያ መብራት ጠፋች። ቬልኮ ወርዶ ራዶሚር ሲቀመጥ በራች።

«እስቲ እንደገና» አለች ዴሳንካ መሪውን እንደያዘች። ባሏ ወረደ፤ ቬልኮ ጭንቅላቱን እያከከ ገባ። የሰርጋቸው ሚዜ ነው፤ አርባ ዓመት ሙሉ ስንቱን ሞተር ፈታቶ የገጠመ መካኒክ። ኳስ የታቀፈ ሰው የተሣለባት የኤርባግ መብራት አሁንም ድርግም ብላ ጠፋች።

«ይቺ መኪና ሰው ትመርጣለች እንዴ?» አለ ቬልኮ።

«ያንን ሆድህን አይታ ደንግጣ ነው» አለ ራዶሚር ከውጭ፣ በዚህ የበጋ ሙቀት የደረበውን ሹራብ ወደ ታች እየጎተተ።

ዴሳንካ ሳቅ አልመጣላትም። ረፋዱ ላይ ኒሽ ከተማ ሆስፒታል መድረስ አለባቸው። የራዶሚር ሐኪም ቁርጡን ነግራቸዋለች፤ አምስት ኪሎ ከጨመረ ሆዱን ከፍተው ዕጢውን ያወጡለታል፣ ካልጨመረ ግን ሰውነቱ ስለማይችለው አይነኩትም። እሱ ደግሞ ስድስት ጨምሯል! ዴሳንካ ፋብሪካ ስትውል ሚዛን ላይ እየወጣ፣ ስትመለስ ቁጥሩን ይነግራታል። እሷም ደስታው ከአቅሟ በላይ ሆኖ ለጎረቤት ሁሉ አውርታ ጨርሳለች። ታዲያ በስንት ጸሎት በመጣ ቀን ይቺ መብራት ምን ቤት ናት? ኤርባጉ፣ ያ በግጭት ጊዜ የሚነፋው ከረጢት፣ መንገድ ላይ ፊቱ ላይ ቢፈነዳበትስ?

ቬልኮ ወንበሩ ሥር ገብቶ ገመዶቹን አንድ በአንድ ነካካ። ሁሉም ደህና ናቸው። ዴሳንካ ራሷ ጋቢና ሄዳ ተቀመጠች፤ ጠፋች። ራዶሚር ተቀመጠ፤ በራች። ነገሩ ሁሉ ዞረባት።

መካኒኩ መጽሐፍ ማየት እንደ ውርደት ነው የሚቆጥረው፤ ዛሬ ግን ከመሳቢያው የመኪናዋን መምሪያ አውጥቶ በጣቱ እየተከተለ አነበበ። ጣቱ አንድ ቦታ ላይ ቆመ። ዘጋው።

«በቃ ሂዱ። ምንም የለም።»

«ምን ይላል?»

«ምን ይላል፣ ወረቀት ነው።»

መሪው ጋ ተመልሳ ነበር፤ እጇን ዘርግታ ነጠቀችው። ወንበሩ ላይ ያለው ሕፃን ወይም ቀላል ዕቃ ከሆነ መኪናው ኤርባጉን ይዘጋዋል፣ መብራቱም ይበራል ይላል። ሁለቴ አነበበችው። የምን ሕፃን? ዞር ብላ የኋላ ወንበሩን አየች። ባዶ ነው። ከዚያ ባሏን አየችው።

«ስድስት ኪሎ አላልከኝም?»

ራዶሚር በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየ ነበር። «መኪናዋ አርጅታለች» አለ።

ቀኝ መዳፉን አንስቶ ጣሪያውን ወደ ላይ ገፋ፤ ገላው ወንበሩ ላይ ተጫነ። የሹራቡ እጅጌ እስከ ክርኑ ወረደ፤ ክንዱ አጥንት ብቻ ሆኗል። መብራቷ ጠፋች።

«ይኸው። ንጂው።»

ዴሳንካ ተናዳለች፣ አንጀቷንም በልቷታል፤ የትኛው እንደሚብስ አላወቀችም። ቬልኮ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋላቸው።

የከተማው ጫፍ ሳይደርሱ ክንዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በግራው ተካው። እሱም ደከመና ወረደ፤ መብራቷ መልሳ በራች። ዴሳንካ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል ቀኝ እጇን ከማርሹ አንስታ ጭኑ ላይ አሳረፈች፤ ከዚያም ባላት ጉልበት ሁሉ ወደ ታች ተጫነችው።