የስሙ እኩሌታ

ሽማግሌዎቹ ሳሎን ተቀምጠው ዘሯን ሲጠይቁ፣ ትህትና ከጓዳው መጋረጃ ጀርባ ብርጭቆ እያጠበች ታዳምጥ ነበር። አባቷ አምላኩ እስከ ሰባት ቤት ቆጠረላቸው። የእናቱን አያት ግን ዘለላት። ሴትዮዋ ባሪያ ነበረች፤ ይህ ከታወቀ ሽማግሌ የላከው ትንሳኤ ትህትናን ቢወዳትም ቤተሰቡ አይቀበላትም። የሴትዮዋን ስም አምላኩ ለልጁ ለትህትና እንኳ ነግሯት አያውቅም።

«አጥንታችሁ የጠራ ነው» አሉ የትንሳኤ አያት አያ ይመር። ልባቸው ሲያርፍ ጨዋታ አማራቸው። «በአባቴ ቤት የባሪያ ስም እኩሌታው የጌታው፣ እኩሌታው የባሪያው ነበር። አባቴ የራሱን እኩሌታ ይጣራል፤ ባሪያዋ የራሷን መልሳ ከተፍ ትላለች። አንዷ ትዝ ትለኛለች፤ እግሬን ታጥበኝ ነበር። ኮብልላ እንደወጣች ቀረች።»

«ምናልባት የሚጠራት አጥታ ይሆናላ፣ አያ ይመር» አለ አንዱ ሽማግሌ። «እስቲ ይጥሯት።»

ሁሉም ሳቁ። አምላኩ ብቻ አልሳቀም።

አያ ይመር ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ሁሉ ያልፋል!» ብለው ተጣሩ። መልሱ ምን እንደሆነ ለማንም አልነገሩም ነበር።

ትህትና ብርጭቆውን ማስቀመጧን አላወቀችም። መጋረጃውን ገልጣ ወጣች፤ በሩ አጠገብም አጎንብሳ ቆመች።

«ጌታዬ አያልፍም» አለች፣ ጥርሷ ባለቀ አሮጊት ድምፅ።

አባቷ አንገቱን ደፋ። አያ ይመር ግን አልደነገጡም።

«ቆየሽ» አሏትና ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ዘረጉላት።