አረንጓዴው ሴራሚክ

የሸዋ ሮቢት ሙቀት ቢያማርረኝ ጓሮዬ ውስጥ የመዋኛ ገንዳ አስቆፈርኩ። ሴራሚክ ሠራተኛው ታከለ ጠዋት ሦስት ናሙናዎች ግድግዳው ላይ ለጥፎ፣ «እትዬ ወይንሸት፣ ወርደው ይምረጡ» አለኝና መሰላሉን ያዘልኝ።

ወረድኩ። ነጩ በዚህ ፀሐይ ዓይን ይወጋል። በደንብ ያልተለጠፈ ሴራሚክ ሲያንኳኩት እንደ ባዶ ጀሪካን ስለሚጮኽ ሰማያዊውን በጣቴ አንኳኳሁት፤ ድፍን ነው። አረንጓዴው ግን ጮኸ።

«ታከለ፣ ይኼ ምን ዓይነት ሥራ ነው?» ብዬ ሳልጨርስ ከሴራሚኩ ጀርባ መልሶ ተንኳኳ።

«እትዬ» አለ የታከለ ድምፅ፣ ከግድግዳው ውስጥ። «እባክዎ ያውጡኝ። ከጠዋት ጀምሮ እዚህ ነኝ።»

ቀና ስል፣ ከላይ የቆመው ታከለ መሰላሉን ወደ ላይ እየሳበ ነው።

«አረንጓዴውን መረጡ ማለት ነው» አለኝ።