ያለጊዜው ያበበ

ሀብትነሽ ክንድ ባልሞሉት የበርበሬ ችግኞች መካከል አጎንብሳ የመጀመሪያ አበባቸውን በጥፍሯ እየቀነጠሰች በነጠላዋ ጫፍ ትሰበስብ ነበር። የባሏ አባት ቄስ ባምላኩ መቋሚያቸውን ተደግፈው ከማሳው ዳር ቆሙ።

«ልጅሽን ለትዳር ሊጠይቁ የመጡት ሽማግሎች ቤት ተቀምጠዋል። አንቺ እዚህ እግዜር የሰጠውን አበባ ትቀነጥሻለሽ?» አሏት በቁጣ።

«ግንዱ ሳይጠና ካፈራ ይሰበራል፣ አባባ። እርስዎ ነዎት ያስተማሩኝ።»

«እሱ የበርበሬ ነው!»

«እኔንም በእሷ ዕድሜ ነው ለልጅዎ አጭታችሁ ያመጣችሁኝ። ስሰበር አይተዋል።»

ቄሱ አንገታቸውን ደፉ። ሀብትነሽ ቀና ብላ ወደ እሳቸው ሄደች፤ መዳፋቸውን ዘርግታ ነጫጮቹን አበቦች አፈሰሰችበት።

«መልሴ ይኸው፤ ለሽማግሎቹ ይውሰዱልኝ። ልጄ ትምህርት ቤት ናት።»