ከሥዕሉ ግርጌ ያለው ስም

ሠዓሊው ልጇ ከእሷ ተጣልቶ ከቤት ከወጣ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። በከተማው የሥዕል ዐውደ ርእይ በተከፈተ ቁጥር ትሄዳለች፤ የምታየው ግን ሥዕሉን ሳይሆን ከግርጌው ያለውን ስም ነው። ዛሬም ያበጠ እግሯን እየጎተተች፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዛ ሦስተኛውን አዳራሽ ጨረሰች።

"ሁለተኛ አልመጣም" ብላ ልትወጣ ስትል፣ በሩ አጠገብ ከተሰቀለ ሥዕል ሥር "ደምረው" የሚል ፊርማ አነበበች። ግድግዳውን ተደግፋ ጮኸች።

"ደምረውን ጥሩልኝ! የታለ?"

አንዲት ወጣት ሮጣ መጥታ ደግፋ አስቀመጠቻት። የወጣቷ ዓይን ቁርጥ የልጇን ነው።

"እማማ፣ ሥዕሉ የእኔ ነው። ረድኤት ደምረው እባላለሁ፤ በአባቴ ስም ነው የምፈርመው።" ትንሽ አመነታች። "ነፍሱን ይማረውና፣ ያውቁት ነበር?"