ባሌስትራው ደህና ነው

ገጠር እየተመላለሰ የእናቱን መቃብር ማጽዳት የታከተው ጌንዞ፣ የመቃብሯን ድንጋይ አስነቅሎ በትንሿ የጭነት መኪናው ለድንጋይ ጠራቢው ለሽማግሌው ኦሳሙ እንዲሰባብሩት አመጣላቸው። የመኪናዋ ኋላ መሬት ሊስም ምንም አልቀረው።

«መነኩሴው ጸልየው ነፍሷን ከድንጋዩ አስወጡልህ አይደል?» አሉ ሽማግሌው።

«እንዴታ!» አለ። መነኩሴውን ግን አልጠራቸውም ነበር፤ የእሳቸውን ቀጠሮ ማን ይጠብቃል?

ድንጋዩ ወረደ። የመኪናዋ ኋላ ግን እንደሰመጠ ቀረ።

«ይቺን ሚስኪን ባሌስትራዋን ሰበርክባት እኮ!» ብለው እየሳቁ ሽማግሌው ሥሯ ገቡ። ሲወጡ አይስቁም ነበር።

«ባሌስትራው ደህና ነው» አሉ።

ባዶዋ መኪና ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተች ወጣች። እናቱ በሕይወት ሳለች «ልጄ፣ አንተ ጋ ልኑር» ባለችው ቁጥር የጌንዞ መልስ አንድ ነበር፤ መጦሪያ ቤት የሞተችውም በዚያ መልስ የተነሳ ነው።

ከቤቱ ደጅ አቁሞ ሞተሩን አጠፋ። ዞር ብሎ ለማየት አልደፈረም።

«እማዬ፣ ቤቱ ጠባብ ነው እኮ» አለ፣ እንደ ድሮው።

የመኪናዋ ኋላ ሲጥ ሲጥ እያለ፣ ቀስ ብሎ ከፍ አለ።