አሥር ደቂቃ ጨለማ

በሰማይ የተዘረጉት መስተዋቶች ሌሊቱን ቀን ካደረጉት ዘጠኝ ዓመት ሆኗል። ጨለማ የፈለገ ሰው ማመልከቻ ያስገባል። ወሰንየለሽ ሦስት ወር ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ተንከራታ የተፈቀደላት አሥር ደቂቃ ብቻ ነው፤ በዚያ ሰሞን የሚያልፈውን ጅራታም ኮከብ ድምቀት በአጠገቡ ካሉት ከዋክብት ጋር አነጻጽራ ለመመዝገብ።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ መስተዋቶቹ ዞሩ፤ ሰማዩ ጠቆረ። ጣራው ላይ ሆና ቴሌስኮፑን ገና ስታስተካክል፣ የስድስት ዓመት ልጇ ናርዶስ ከታች ከቤት ጮኸች።

"እማዬ! ዓይኔ ጠፋ!"

"አልጠፋም፣ ጨለማ ነው እኮ! ትንሽ ታገሺኝ!"

"ምንም አይታየኝም! የት ነሽ?"

ሁሉን አዘጋጅታ፣ ልጅቷ ጨለማ አይታ እንደማታውቅ ዘንግታለች። "ኤጭ!" አለችና ደረጃውን በዳበሳ ወረደች። ናርዶስ አንገቷ ላይ ተጠመጠመች።

"ነይ ወጥተን እንየው፣ ያምራል።"

"አልወጣም!"

ብታባብላት፣ ብትቆጣት፣ ወይ ፍንክች። ፊቷን እናቷ ደረት ውስጥ እንደቀበረች ብርሃኑ ተመለሰ።

ወሰንየለሽ መዝገቡ ላይ "አልታየም" ብላ ጻፈች። ጅራታም ኮከቡ የሚመለሰው ከሰባ ዓመት በኋላ ነው። ያኔ እሷ የለችም። ልጇ ግን ትኖር ይሆናል፤ ዓይኗን ጨፍና።