ስም እየተጠራ የሚቃጠል ፋይል

ሻሺቱ የመሥሪያ ቤቱን አሮጌ ፋይሎች በኩልፎ ወንዝ ዳር በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ እየጣለች ታቃጥላለች። እንደ ደንቡ የእያንዳንዱን ባለፋይል ስም ጮክ ብላ ትጠራለች፤ የፋይል አስወጋጅ ኮሚቴው ሊቀመንበር ጓድ ሀብተጊዮርጊስ በዝርዝሩ ላይ ምልክት ያደርጋሉ።

የወንድሟን ፋይል ለመጨረሻ አስቀርታዋለች። ወንድሟ ከቢሮው ታስሮ ከተወሰደ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ይሙት ይኑር የሚያውቅ የለም።

«እሱንም ጥሪና እንገላገል እንጂ!» አሏት።

«ዳልጮ ካሱ!»

«አቤት!» አለ የወንድሟ ድምፅ፣ ከያዘችው ፋይል ውስጥ።

ፋይሉን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። «ጓድ፣ በሕይወት አለ! ሰሙት አይደል?»

«ሰምቼዋለሁ» አሉና ከእጇ ነጥቀው እሳቱ ውስጥ ጣሉት።

ወረቀቱ አመድ እስኪሆን ደጋግማ ተጣራች። የመለሰላት አልነበረም። ጓድ ሀብተጊዮርጊስ የመጨረሻውን ምልክት አድርገው እስክሪብቷቸውን ኪሳቸው ሰኩ።